ኤክስታንት፦ ሳይጠፋ ለዛሬ የደረሰ

ጥያቄ፦ «ለመመረቂያ ጽሑፌ የማነባቸው የእንግሊዝኛ ጥናቶች ላይ ኤክስታንት የሚል ቅጽል ይደጋገምብኛል። መዝገበ ቃላቴ ‹ያለ፣ ህልው› ብሎ ይፈታዋል። ኤግዚስቲንግን መደጋገም ሰልችቶኝ ስለነበር በእሱ ፋንታ አስገባሁትና ‹ሁለቱ ኤክስታንት ኮምፒውተሮቻችን› ብዬ ጻፍኩ፤ አማካሪዬ በቀይ አሰመረበት። ጓደኛዬ ደግሞ ተቃራኒው ኤክስቲንክት እንደሆነና ሁለቱም ከአንድ ሥር እንደወጡ ነገረኝ። ትክክለኛ ትርጉሙ ምንድን ነው? ከየት መጣ? ወደ አማርኛስ በምን ቃል ልመልሰው?»

አማካሪዎ ያሰመሩበት በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው። መዝገበ ቃላትዎ አልተሳሳተም፤ የነገረዎ ግን ግማሹን ብቻ ነው። ኤክስታንት የሚባለው ሊጠፋ ሲችል ያልጠፋ፣ መሰሎቹ አልቀው እሱ የቀረ፣ ዘመን አልፎበት ዛሬም የሚገኝ ነገር ነው። ቃሉ በተነገረ ቁጥር አንድ ያልተነገረ ጥፋት ከኋላው አለ፤ የተቃጠለ መጻሕፍት ቤት፣ ያለቀ የእንስሳ ዘር፣ የተሻረ ደንብ፣ የፈረሰ ግንብ። የእርስዎ ሁለት ኮምፒውተሮች ግን ከምንም አልተረፉም፤ ይጠፋሉ ብሎ የሰጋላቸውም የለም። ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንባቢ ዓረፍተ ነገርዎ ላይ ሲደርስ «ሌሎቹ ምን ሆኑ? ተሰረቁ? ተቃጠሉ?» ብሎ ይቆማል።

ቃሉ ለኮምፒውተር ጨርሶ አይሆንም ማለቴ ግን አይደለም። አፕል 1 የተባለው ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1976 ሲወጣ የተሠራው 200 ገደማ ብቻ ነበር፤ አብዛኛው ተጥሎና ተበታትኖ ዛሬ የቀረው ጥቂት ነው። ስለነዚህ ሲጻፍ «ኤክስታንት አፕል 1 ኮምፒውተሮች» ማለት በትክክል ይገጥማል፤ የተረፉ ናቸውና። ዕቃው ያው ኮምፒውተር ነው፤ የተለየው ያለፈበት ታሪክ ነው።

ራስዎን በቀላሉ መፈተን ይችላሉ። ቅጽሉ በገባበት ቦታ «እስካሁን ሳይጠፋ የቆየ» የሚለውን ሐረግ በአማርኛ ያስገቡና ያንብቡት። «እስካሁን ሳይጠፋ የቆየው የእጅ ጽሑፍ» ሲሉ ምንም አይጎረብጥም። «እስካሁን ሳይጠፋ የቆየው የቢሯችን ማተሚያ» ሲሉ ግን ጆሮ እምቢ ይላል። ጆሮ እምቢ ካለ ኤክስታንትን ይተዉትና ኤግዚስቲንግ ይጠቀሙ፤ ከዚያም ይልቅ ቅጽሉ የግድ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ። «ሁለቱ ኮምፒውተሮቻችን» ካሉ መኖራቸው ታውቋል፤ «ያሉት» ብሎ መጨመር ምንም አይጨምርም። ይህ ስህተት በተማሪ ጽሑፎች ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ መንስኤውም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ድግግሞሽን ለማምለጥ ሲባል የማይመሳሰሉ ቃላትን እንደ መንታ መቁጠር።

አሁን ወደ ምንጩ እንሂድ፤ ትርጉሙ ግልጽ የሚሆነው እዚያ ነው። ቃሉ የላቲን ነው። ኤክስ «ከውስጥ ወደ ውጭ» የሚል ቅጥያ ሲሆን ስታሬ «መቆም» ማለት ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ኤክስታሬ የሚል ግስ ይወጣል፤ ወጣ ብሎ መቆም፣ ከዙሪያው ከፍ ብሎ መታየት። ኤክስ የምትባለው ፊደል ራሷ በስ ድምፅ ስለምታልቅ የስታሬ መነሻ ስ ተውጣ ትቀራለች፤ በላቲን ጽሑፎች ግን ስዋ ተጽፋም ሳትጻፍም ትገኛለች።

ግሱ መጀመሪያ ምን ያህል ተጨባጭ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ጥሩ ቦታ አለ። ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ54 ዓመት ሠራዊቱ በብሪታንያ ምድር የቴምዝን ወንዝ በእግር እንዴት እንደተሻገረ ሲገልጽ ወታደሮቹ ከውኃው በላይ የወጣው ራሳቸው ብቻ እንደነበር ይጽፋል፤ «ከውኃው ወጥቶ የሚታይ» ለማለት የተጠቀመው ግስ ይኸው ኤክስታሬ ነው። እስቲ ትዕይንቱን ያስቡት። ደረቱ፣ ክንዱ፣ እግሩ ውኃ ውስጥ ገብቷል፤ ከዳር ለሚያየው ሰው የቀረው ራስ ብቻ ነው። ዛሬ ስለ አንድ ጥንታዊ ደራሲ «ኤክስታንት ሥራዎቹ» ሲባል የሚባለው ይህንኑ ነው፤ አብዛኛው ሰጥሟል፣ ይህ ይህ ከላይ ቀርቷል።

ከ«ወጥቶ መቆም» ወደ «መኖር» የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። ወጥቶ የቆመ ይታያል፤ የሚታይ ይገኛል፤ የሚገኝ አለ። ሮማውያን ራሳቸው የቀደምት ሰዎች ንግግርና ደብዳቤ ዛሬም እንደሚገኝ ለመናገር ይህን ግስ ይጠቀሙበት ነበር። ስለዚህ ቃሉ ከመጻሕፍት ጋር ያለው ቅርበት እንግሊዝኛ ውስጥ የበቀለ አይደለም፤ ከምንጩ የመጣ ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሲሆን በመጀመሪያ ሁለቱንም ትርጉም ይዞ ነበር፤ «ከወለሉ ወጣ ያለ፣ ያበጠ» የሚለውንም፣ «ዛሬም ያለ» የሚለውንም። የመጀመሪያው ዛሬ ሞቷል፤ የቆየ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ካላነበቡ በስተቀር አያገኙትም። ሁለተኛው ግን ቶሎ ሥር ሰዷል። ሼክስፒር ሐምሌት ውስጥ አንድ ታሪክ በጣልያንኛ ተጽፎ እንደሚገኝ ሲያናግር የተጠቀመው ይህንኑ ቃል በዛሬው ትርጉሙ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ የቃል ጉዞ እንግዳ አይደለም። ግዕዝ ነበረ ሲል መሠረቱ «ተቀመጠ» ነው፤ መንበር፣ ወንበር ከዚያው ናቸው። አማርኛ ይህን የመቀመጥ ግስ ወስዶ የመኖር ግስ አደረገው፤ «ነበረ» አልን፣ «ነባር» አልን፣ «ንብረት» አልን። ላቲን ከመቆም ተነሥቶ መኖር ላይ ደረሰ፤ እኛ ከመቀመጥ ተነሥተን እዚያው ደረስን። «ቋሚ» ስንል ደግሞ ከላቲኑ ጋር አንድ መንገድ እንሄዳለን። መኖር ረቂቅ ነገር ስለሆነ ቋንቋዎች በሰው አካል አቋም ሊይዙት ይሞክራሉ፤ ኤክስታንትም አንዱ ሙከራ ነው።

የመቆም ሥሩን ማወቅ ለፊደል አጻጻፍም ይጠቅምዎታል። ኮንስታንት፣ ኢንስታንት፣ ዲስታንት የሚሉት ቃላት ሁሉ ከዚያው ከስታሬ የወጡ ናቸው፤ አንዱ ጸንቶ መቆምን፣ አንዱ አጠገብ መቆምን፣ አንዱ ራቅ ብሎ መቆምን ይዟል። ሁሉም መጨረሻቸው ላይ የሚጻፉት በእንግሊዝኛው ፊደል በኤ (a) ነው፤ ኤክስታንትም እንዲሁ። ኤግዚስተንት ግን የተወለደው ከስታሬ ሳይሆን ከታናሽ ወንድሙ ከሲስቴሬ ስለሆነና ያ ግስ የሚረባው በሌላ መንገድ ስለሆነ በኢ (e) ይጻፋል። ስለዚህ ኤክስታንትና ኤግዚስተንት የአጎት ልጆች ናቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ኤግዚስተንት የፈላስፋ ቃል ነው፤ አንድ ነገር አለ ወይስ የለም በሚለው ክርክር ውስጥ ይኖራል። ለእሱ «ህልው» በትክክል ይስማማዋል፤ ህልውና የምንለውም ከዚያው ነው። መዝገበ ቃላትዎ ኤክስታንትን «ህልው» ሲለው የወንድሙን ልብስ ነው ያለበሰው።

የጓደኛዎ ነገር ግን መታረም አለበት። ኤክስቲንክት በትርጉም ከተቃራኒዎቹ አንዱ መሆኑ እውነት ነው፤ ከአንድ ሥር መውጣቱ ግን ሐሰት ነው። የኤክስቲንክት ግስ እሳትን ወይም መብራትን ማጥፋት የሚል ነው፤ እሳት ማጥፊያው ዕቃ እንግሊዝኛ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ሁለቱ ቃላት የሚጋሩት ኤክስ የሚለውን መነሻ ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው የስና የት መመሳሰል ግጥምጥሞሽ ነው። ተሰበረና ተሰበከ ሁለቱም «ተሰበ» ብለው ስለጀመሩ ዘመድ አይሆኑም፤ ይህም እንደዚያው ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ አንድ ውለታም አንድ ወጥመድም ያመጣል። ውለታው ይህ ነው፤ እኛም እሳት ጠፋ፣ የአውሬው ዘር ጠፋ እያልን በአንድ ግስ ስለምንናገር ኤክስቲንክት የሚለው ቃል ምን እንዳሰበ ሳይነገረን ይገባናል። ወጥመዱ ደግሞ «ጠፋ» የምንለው ብዙ ነገር መሆኑ ነው። ቁልፍ ይጠፋል፣ መጽሐፍ ይጠፋል፣ ዘር ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል፤ የጠፋ ዝርያ ኤክስቲንክት ነው፣ የጠፋ የእጅ ጽሑፍ ሎስት ነው፣ የፈረሰ ሕንፃ ደግሞ ዲሞሊሽድ ወይም ዲስትሮይድ ነው። ኤክስታንት የእነዚህ ሁሉ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል፤ እነሱ ግን እርስ በርስ አይተካኩም። «ኤክስቲንክት ማኑስክሪፕት» ብለው ቢጽፉ ከኮምፒውተሮቹ የባሰ ይሆናል።

ኤክስቴንት የሚለውም ሦስተኛ ግራ አጋቢ ነው። አማርኛ ላይ ሲጻፉ ሁለቱም «ኤክስተንት» ሊሆኑ ስለሚችሉ በጆሮ ብቻ የተማረ ሰው ያምታታቸዋል። በኢ የሚጻፈው ኤክስቴንት ስም ነው፤ ስፋት፣ መጠን፣ «እስከዚህ ድረስ» የሚባለው ነው። የወጣውም ከመቆም ሳይሆን ከመዘርጋት ነው። በንግግር ኤክስቴንት ሁልጊዜ ድምፁ ሁለተኛው ክፍል ላይ ከፍ ይላል። ኤክስታንትን አሜሪካውያን በብዛት መጀመሪያው ላይ ከፍ ያደርጉታል፤ ብሪታንያ ውስጥ ሁለተኛው ላይ የሚያነሡትም አሉ። የኮምፒውተር ፊደል አራሚ አያድንዎትም፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ቀይ መስመር አያሰምርም።

ቃሉ ሙሉ ጉልበቱን የሚያሳየው ስለ ጥንታዊ ጽሑፎች ሲነገር ነው፤ እርስዎንም ያጋጠመዎ በዚያ በኩል እንደሚሆን እገምታለሁ። ሶፎክልስ የተባለው የግሪክ ጸሐፌ ተውኔት ከ120 በላይ ተውኔቶችን እንደደረሰ ይታወቃል፤ ሙሉ ሆነው የደረሱን 7 ናቸው። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ሊቪየስ 142 መጻሕፍት ጽፎ የቀሩት 35 ናቸው፤ ከ1 እስከ 10 ያሉት እና ከ21 እስከ 45 ያሉት። እነዚህ 7ቱና 35ቱ ኤክስታንት ይባላሉ። አንድ ተመራማሪ «በሶፎክልስ ኤክስታንት ተውኔቶች ውስጥ» ብሎ ሲጀምር የሚናገረው ስለ 7ቱ ብቻ እንደሆነና ስለ ሌሎቹ ከመቶ በላይ ምንም እንዳላለ እያስጠነቀቀ ነው። ተርጓሚ ይህን ቅጽል ዘልሎ «በሶፎክልስ ተውኔቶች ውስጥ» ቢል ጸሐፊው ያልወሰደውን ኃላፊነት አሸከመው ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚሠራው «ኧርሊየስት ኤክስታንት» በሚለው ሐረግ ላይ ነው። «የመጀመሪያው የእጅ ጽሑፍ» እና «ከደረሱን የእጅ ጽሑፎች ሁሉ ቀዳሚው» ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ጽሑፍ ደራሲው ራሱ የጻፈው ነው፤ ለአብዛኞቹ ጥንታዊ መጻሕፍት ደግሞ እሱ የለም። ያለው የቅጂ ቅጂ ነው። በእነዚህ ሁለት መካከል መቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ የሚበልጡ ዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ። ቅጽሉን የጣለ ትርጉም መጽሐፉን በዚያ ሁሉ ዘመን ያስረጀዋል ወይም ወጣት ያደርገዋል፤ ከዚያ ሌላው እየቀዳ ስህተቱ ይሰራጫል።

መጽሐፈ ሄኖክ ለዚህ ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች ሁሉ የበለጠ ያስተምራል። በእንግሊዝኛ ጥናቶች ላይ ደጋግመው የሚያገኙት ዓረፍተ ነገር መጽሐፉ «በሙሉነት ኤክስታንት የሆነው በግዕዝ ብቻ ነው» የሚል ነው። ብዙ ሰው ይህን አንብቦ «መጽሐፉ የተጻፈው በግዕዝ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ዓረፍተ ነገሩ ግን እንዲያ አላለም። መጽሐፉ መጀመሪያ የተጻፈው በአራማይክ እንደሆነ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማማሉ፤ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኝተዋል። ከፊሉ በግሪክም አለ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ግን ሳይጎድል የደረሰው በግዕዙ ትርጉም ብቻ ነው፤ ዛሬ በእጅ ያሉት የግዕዝ ቅጂዎችም ትርጉሙ ከተሠራበት ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት የዘገዩ ናቸው።

እንግዲህ በአንድ መጽሐፍ ላይ ብቻ ስንት የተለያየ «መኖር» እንዳለ ይመልከቱ። ድርሰቱ አለ። የድርሰቱ የመጀመሪያ ቋንቋ በቁርጥራጭ አለ። ደራሲው በእጁ የጻፈው የለም። ትርጉሙ በሙሉ አለ። ትርጉሙን የሠራው ሰው በእጁ የጻፈው የለም። ቅጂዎቹ አሉ። ኤክስታንት የሚለውን ቃል ሲያዩ ከነዚህ ውስጥ የትኛው ነው ያለው ብለው ይጠይቁ፤ ድርሰቱ ነው፣ ቅጂው ነው፣ ወይስ የመጀመሪያው ሰነድ? ሁለተኛው ጥያቄዎ ደግሞ ምን ያህሉ ነው ያለው የሚል ይሁን። ኤክስታንት ማለት ሙሉ ማለት አይደለም። በቁርጥራጭ የቀረም ኤክስታንት ነው፤ በትርጉም ብቻ የቀረም ኤክስታንት ነው። ጠንቃቃ ጸሐፊ ስለዚህ ቃሉን ብቻውን አይተወውም፤ «በቁርጥራጭ»፣ «በሙሉነት»፣ «በግዕዝ ትርጉም» ብሎ ያስከትልበታል። እርስዎም ሲጽፉ ይህን ያድርጉ።

አንድ ተጨማሪ የተደበቀ ነገር አለ። ኤክስታንት አለመሆን ማለት በርግጥ የለም ማለት ሳይሆን እስከምናውቀው ድረስ የለም ማለት ነው። የአርኪሜዴስ «ዘዴ» የተባለው ድርሰት ለብዙ ዘመን ከጠፉት ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ሃይበርግ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ ቁስጥንጥንያ ውስጥ አንድ የጸሎት መጽሐፍ ሲመረምር የቀድሞው ጽሑፍ ተፍቆ በላዩ ጸሎት እንደተጻፈበት አየ፤ ከሥር የነበረው የአርኪሜዴስ ሥራ ነበር። ድርሰቱ በዚያ ሁሉ ዘመን ብራናው ላይ ነበረ፤ የተለወጠው የእኛ ዕውቀት ነው። ስለዚህ «ኤክስታንት ቅጂዎቹ ሦስት ናቸው» ብለው ሲጽፉ የቆጠሩበትን ዘመን ወይም የቆጠሩበትን ዝርዝር አብረው ይንገሩ። ነገ አራተኛው ቢገኝ የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ሐሰት ሳይሆን በዘመኑ ልክ የነበረ ሆኖ ይቀራል።

በሥነ ሕይወትም ይኸው ነገር ታይቷል። ሲላካንት የተባለው ዓሣ ከ66 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከዳይኖሰሮች ጋር እንዳለቀ ይታመን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ደቡብ አፍሪካ ባሕር ላይ ሕያው ሆኖ ተያዘ። ዛሬ ኤክስታንት ተብለው የተመዘገቡት የሲላካንት ዝርያዎች ሁለት ናቸው። በዚህ ሙያ ግን ቃሉ ቀዝቀዝ እንደሚል ይወቁ። ለሥነ ሕይወት ሰው ኤክስታንት ማለት «ዘሩ ያላለቀ» ከማለት አያልፍም፤ ብርቅነትም አደጋም የለበትም። ሰው ራሱ ኤክስታንት ዝርያ ነው፤ የቤት ድንቢጥም እንዲሁ። ወፎች «ብቸኛዎቹ ኤክስታንት ዳይኖሰሮች» ሲባሉ የዳይኖሰር ወገን ከሆኑት ሁሉ ዘራቸው እስከ ዛሬ የዘለቀው እነሱ ብቻ ናቸው ማለት ነው። የኒውዚላንዱ ቱዋታራም እንሽላሊት ቢመስልም ከእንሽላሊት የተለየ የራሱ ክፍለ መደብ ያለውና ከዚያ ክፍለ መደብ ብቸኛው ኤክስታንት ዝርያ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የዝርያዎችን ሥርጭት በካርታ ሲያሳይ ደግሞ ቃሉን ለቦታ ይጠቀምበታል፤ እንስሳው በዚህ ቦታ ኤክስታንት ነው፣ ምናልባት ኤክስታንት ነው፣ ምናልባት ጠፍቷል፣ ጠፍቷል እያለ። እዚህ ላይ «ጠፍቷል» የሚለው ከዚያ ቦታ ጠፋ ማለት እንጂ ከምድር ገጽ ጠፋ ማለት ላይሆን ይችላል። ካርታውን ሳያዩ መግለጫውን ብቻ የሚተረጉም ሰው እዚህ ይወድቃል።

በሕግና በአስተዳደር በኩል ነገሩ አጭር ነው። እንግሊዝ አገር ጊዜው ያላለፈበት የግንባታ ፈቃድ ኤክስታንት ይባላል። ህንድ ውስጥ በመሥሪያ ቤትና በባንክ ደብዳቤዎች ላይ «በኤክስታንት መመሪያዎች መሠረት» ማለት የየዕለት አነጋገር ነው፤ «አሁን በሥራ ላይ ባሉት፣ ባልተሻሩት» ማለት ነው። ራስዎ ውል ወይም ደንብ የሚያረቁ ከሆነ ግን አይጠቀሙበት። አንድ ደንብ በወረቀት ላይ መኖሩና የሚጸና መሆኑ ሁለት ነገር ስለሆነ ክርክር ይጋብዛል፤ «ኢን ፎርስ» ብለው ይጻፉ፣ በአማርኛም «የጸና» ወይም «በሥራ ላይ ያለ»።

የሰዋስው ጠባዩ ብዙ አያደክምም። ከስሙ በፊት ይመጣል፣ ከስሙ በኋላም ይመጣል፤ «ከሁሉ የቆየው ቅጂ ኤክስታንት» የሚል አቀማመጥ እንግሊዝኛ ላይ ሲያዩ የተሳሳተ አይምሰልዎ። «ኖ ሎንገር ኤክስታንት» የሚለው ሐረግ ለጠፋ ጽሑፍና ሕንፃ የተለመደ ነው። «ስቲል ኤክስታንት» ግን «እስካሁን እስካሁን ያለ» እንደማለት ስለሆነ ስቲልን ይቁረጡት። ደረጃም የለውም፤ «በጣም ኤክስታንት»፣ «ይበልጥ ኤክስታንት» አይባልም። ለግለሰብ አይነገርም፤ በሥልጣን ላይ ያለ ሰው ኢንከምበንት ነው፣ ከአደጋ የተረፈ ሰው ሰርቫይቪንግ ነው፣ በሕይወት ያለ ዘመድ ሊቪንግ ነው። ለችግር፣ ለጥያቄ፣ ለፍላጎት፣ ለግንኙነትም አይሆንም።

ወደ አማርኛ ሲመልሱ አንድ ቋሚ ቃል አይፈልጉ፤ እንግሊዝኛው ለሁሉ አንድ ቅጽል ሲያለብስ አማርኛ እንደ ነገሩ ይለያል፣ ያም ሀብት ነው። ለጽሑፍ «ለዘመናችን የደረሰ» ወይም «ዛሬ የሚገኝ» ይበሉ። ለዝርያ «ዘሩ ያልጠፋ» ወይም «በሕይወት ያለ»። ለሕንፃ «እስከ ዛሬ የቆመ»፤ ከሰባቱ ጥንታዊ ድንቆች እስከ ዛሬ የቆመው የጊዛው ታላቅ ፒራሚድ ብቻ ነው ሲባል የላቲኑ ስታሬ ሳይታሰብ አማርኛው ውስጥ ተመልሶ ይገባል። ለልብስ፣ ለመሣሪያ፣ ለዕቃ «የተረፈ» ይበቃል። ሁለት ቃላትን ግን ይሽሹ። «ነባር» በብዙ አንባቢ ጆሮ «የቆየ፣ የአካባቢው ተወላጅ» ስለሆነ «ነባር ዝርያ» ካሉ ከሌላ ቦታ ያልመጣ ማለት ይሆናል፤ ያ ሌላ ሳይንሳዊ ፅንሰ ሐሳብ ነው። «ሕያው» ደግሞ ለእንስሳ ቢሄድም «ሕያው የእጅ ጽሑፍ» ግን ቅኔ ይሆናል እንጂ መረጃ አይሆንም።

የእርስዎን ጽሑፍ በተመለከተ የምመክረው ቁርጥ ያለ ነው። ኤክስታንት ያለባቸውን ቦታዎች ሁሉ በፍለጋ ያውጡና «እስካሁን ሳይጠፋ የቆየ» በሚለው አንድ በአንድ ይፈትኗቸው። ስለ ጥንታዊ ጽሑፍ የተናገሩበትን ይተዉት፤ ከአጠገቡ ግን በምን ቋንቋ፣ ምን ያህሉ፣ እስከ መቼ በታወቀው መሠረት የሚለውን ይጨምሩ። የቀረውን ወደ ኤግዚስቲንግ ይመልሱ፤ መደጋገሙ አያሳፍርም፣ አንባቢ የሚሰናከለው በተደጋገመ ቃል ሳይሆን ባልገጠመ ቃል ነው። በቀይ የተሰመረበት ዓረፍተ ነገር ላይ ደግሞ ቅጽሉን ሰርዘው «ሁለቱ ኮምፒውተሮቻችን» የሚለውን ብቻ ያስቀሩ።